የጨለማ መግቢያና የጨለማ መውጫ ዘፈኖች፤ የሃሎዊን ዜማ በድሬዳዋ ዓመት ሲመዘን

በአውሮፓና በአሜሪካ «ጎቲክ» እና «ኢንደስትሪያል» የሚባሉትን ሁለት የሙዚቃ ዓይነቶች የሚወዱ ሰዎች፥ በየዓመቱ የጥቅምት ወር ሲጋመስ አንድ ክርክር ያነሣሉ። ክርክሩም ከቀደሙት ዘፈኖች መካከል ለሃሎዊን ሌሊት ይበልጥ የሚስማማው የትኛው ነው የሚል ነው። ገሚሶቹ የበዓሉን ስም የሚጠራውን ዘፈን ያስቀድማሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ስሙን ባይጠራም ድምፁ መቃብርንና ወና ቤትን የሚያሳስበውን ይመርጣሉ። ነገሩ ከላይ ሲታይ የወጣቶች ጨዋታ ይመስላል። ውስጡን ለመረመረው ሰው ግን፥ የሕዝብን ዘፈን የሚያጠና ሁሉ ዘወትር የሚገጥመውን ጥያቄ ይዟል። ይኸውም፥ አንድን ዘፈን የአንድ ወቅት ዘፈን የሚያደርገው ቃሉ ነው ወይስ ዜማው? የሚለው ነው።

ሁለቱም መልሶች ጐደሎ መሆናቸው የሚታየው፥ ዘፈኖቹ ከተወለዱበት አገር ወጥተው በሌላ አገር ዓመት ውስጥ ሲሰሙ ነው። ለዚህ ምርመራ ድሬዳዋ የተመቸች ከተማ ናት። የባቡርና የፋብሪካ ከተማ በመሆኗ የብረት ድምፅ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ልጆች በር ለበር እየዞሩ የሚዘፍኑበት በዓል አላት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ፥ ስሙን ከወቅት ዘፈን ያገኘ ታላቅ ድምፃዊ የተወለደባት ናት።

በመጀመሪያ ስለ ሃሎዊን ጥቂት መናገር ይገባል። በዓሉ የሚውለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 31፥ በእኛ ጥቅምት 21 ወይም 20 ቀን ነው። ስሙ የመጣው በማግሥቱ በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ከዚህም ጋራ በአየርላንድና በስኮትላንድ የነበረው፥ የመከር መጨረሻና የክረምት መግቢያ የሆነው «ሳውን» የተባለው ጥንታዊ በዓል ተቀላቅሎበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አሜሪካ የተሰደዱት አየርላንዳውያን ልማዱን ይዘውት ሄዱ፤ እዚያም ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከቤት ቤት እየዞሩ ጣፋጭ የሚለምኑበት ሌሊት ሆነ።

ወዳጆቹ የሚያነጻጽሯቸው ዘፈኖች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በአንድ ወገን ያሉት ስሙን ወይም ጭራቁን በግልጥ የሚጠሩ ናቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. ቦቢ ፒኬት የዘፈነው «ሞንስተር ማሽ» የተባለው ቀልደኛ ዘፈን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በአሜሪካ የአንደኝነቱን ሥፍራ ይዞ ነበር፤ ይሁን እንጂ የጎቲክ ወዳጆች ይህን የልጆች ሣቅ ነው ብለው ይንቁታል። ሱዚ ኤንድ ዘ ባንሺስ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1981 ባወጣው «ጁጁ» በተባለው ሸክላ ውስጥ ስሙ «ሃሎዊን» የሆነ ዘፈን ስላለ፥ ይህኛው በስምም በድምፅም የተሟላ ነው ይባላል። በሌላው ወገን ያለው የታወቀው ምሳሌ፥ ባውሃውስ የተባለው ቡድን በ1979 ያወጣው «ቤላ ሉጎሲ ሞቷል» የሚል ርእስ ያለው ዘፈን ነው። ቤላ ሉጎሲ በ1931 በተሠራው ፊልም ድራኩላን ሆኖ የተጫወተ፥ በ1956 የሞተ ተዋናይ ነው። ዘፈኑ ከ9 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ሲሆን፥ የበዓሉን ስም ከቶ አይጠራም፤ ነገር ግን ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደሚንጠባጠብ ውኃ የሚመታው ከበሮና ወደ ታች የሚወርደው የቤዝ ጊታር ድምፅ፥ ለብዙ አድማጮች የዚያ ሌሊት እውነተኛ ዜማ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ወገን ሚዛን ቃል፥ የሁለተኛው ሚዛን ድምፅ ነው። ከሁለቱ ሁለተኛው የጠለቀ መስሎ ይታያል፤ ምክንያቱም የበዓል ስም መጥራት ለማንም ቀላል ነው፥ መንፈሱን በድምፅ ማምጣት ግን ጥበብ ይጠይቃል። ሆኖም ይህ ሚዛን አንድ ነገርን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ይነሣል። ይኸውም ጐርናና፥ ጨለምተኛና ተደጋጋሚ የሆነ ድምፅ በየትም አገር ፍርሃትን ያመጣል የሚል ነው። ይህ እውነት አለመሆኑን ለማስረዳት በገና ብቻ ይበቃል። ዐሥሩ አውታሮቹ በድልድዩ ላይ በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት እየነዘሩ የሚሰጡትን ጐርናና ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ እንግዳ፥ ከጎቲክ ሸክላዎች ጋራ ሊቈጥረው ይችላል። በዐቢይ ጾም የሚሰማው ኢትዮጵያዊ ግን ፍርሃት ሳይሆን ጸሎትን፥ መናፈስን ሳይሆን የገዛ ራሱን ኃጢአትና የፈጣሪን ምሕረት ያስባል። ድምፁ አንድ ነው፤ የተለያየው በአድማጩ ዙሪያ ያለው ዓመት ነው።

ስለዚህ ከቃልና ከድምፅ ሌላ ሦስተኛ ሚዛን ያስፈልጋል፤ እርሱም ዘፈኑ በአድማጩ ዓመት ውስጥ የሚገባበት ሥፍራ ነው። ይህን ሚዛን በቍጥር መግለጥ ይቻላል። በለንደን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን ከ8 ሰዓት በላይ ይበልጣል፤ በጥቅምት መጨረሻ ብርሃኑ በየቀኑ እየጐደለ ሰው ወደ ረጅም ጨለማ የሚገባበት ጊዜ ነው። በድሬዳዋ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። የሃሎዊን ሌሊት በሚውልበት በጥቅምት ወር የድሬዳዋ ሰማይ ከዝናቡ በኋላ ጠርቶ፥ ተራራው ከሩቅ ጥርት ብሎ የሚታይበት ነው። የለንደኑ አድማጭ መስኮቱን ዘግቶ የሚሰማውን ዘፈን የድሬዳዋው አድማጭ መስኮቱን ከፍቶ ይሰማዋል። በኢትዮጵያ የዓመቱ ጨለማ ክረምቱ ነው፤ ወደ ክረምት መግቢያ ሳይሆን ከክረምት መውጫ ላይ የሚዘፈነው ዘፈን ደግሞ የቡሄ ዘፈን ነው።

የቡሄ በዓል ነሐሴ 13 ቀን፥ በቤተ ክርስቲያን ደብረ ታቦር በሚባለው ዕለት ይከበራል። በዋዜማው ችቦ ይበራል፥ ጅራፍ ይጮኻል፤ ወንዶች ልጆች በትር ይዘው፥ መሬቱን እየመቱ፥ አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ፥ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። የቤቱ ባለቤትም ሙልሙል ይሰጣል፤ ልጆቹም ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን የችቦውን ብርሃን በታቦር ተራራ ከተገለጠው ብርሃን፥ የጅራፉን ጩኸት በተራራው ላይ ከተሰማው ድምፅ ጋራ ያያይዙታል። በድሬዳዋም፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በር ለበር በሚኖሩባት ከተማ፥ ይህ ዘፈን የሰፈር ሁሉ ጆሮ የሚያውቀው ነው።

የሁለቱ በዓላት ዕቃዎች ጐን ለጐን ሲቀመጡ መመሳሰላቸው ያስደንቃል። በሁለቱም ሌሊት አለ፤ እሳት አለ፤ በሁለቱም ልጆች የሰውን በር ያንኳኳሉ፤ በሁለቱም የሚበላ ነገር ይጠየቃል፤ እምቢ ያለው ባለቤትም በልጆቹ ምላስ ወይም ተንኰል ይቀጣል። በቡሄ ላይ የሚጨመረው የጅራፍ ጩኸት እንኳ በጨለማ ውስጥ ድንገት ለሰማው እንግዳ ከማናቸውም የኢንደስትሪያል ሙዚቃ ይልቅ ልብ የሚያርድ ነው። ነገር ግን አንዱ በዓል የፍርሃት፥ ሌላው የደስታ ሆኗል። ለዚህ ልዩነት ምክንያት የሚሆነው፥ ሃሎዊን በጨለማው መግቢያ ላይ፥ ቡሄ በጨለማው መውጫ ላይ መቆሙ ነው። ቡሄ ካለፈ ክረምቱ እንዳለቀ ይቈጠራል፤ አባቶችም ይህን ዶሮ ከጮኸ በኋላ ሌሊቱ እንዳለቀ ከሚቈጠርበት ጋራ አነጻጽረው በምሳሌ ይናገሩታል። ከፊቱ ረጅም ሌሊት የተደቀነበት ሰው ጭምብል ያጠልቃል፤ ሌሊቱን ጨርሶ የወጣ ሰው ግን ፊቱን ገልጦ ይዘፍናል።

ክረምት ጨለማ ነው ሲባል ለድሬዳዋ የአነጋገር ጌጥ ብቻ አይደለም። ከተማዋን በሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በአንድ በኩል በፈረንሳዮች ፕላን የተሠራው፥ ዛፍ የተተከለበት ከዚራ፥ በሌላው በኩል መጋላ ይገኛል። ነገር ግን በስተ ደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ ዝናብ ሲጥል፥ በከተማው ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ እንኳ ውኃው በሌሊት ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ሊነጋ፥ ሕዝቡ በተኛበት ሰዓት የመጣው ጐርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሎ፥ በሺሕ የሚቈጠሩትን ያለ መጠለያ አስቀርቷል። እንግዲህ በለንደን ወይም በሺካጎ ክፍል ውስጥ የተቀዳ የሚያጓራ ድምፅ ለደስታ የሚገዛ ፍርሃት ነው። ያን ሌሊት ያሳለፈ የደቻቱ ዳር ነዋሪ ግን በጨለማ የሚያጓራውን ድምፅ ለጨዋታ አይፈልገውም። ይህ የሙዚቃውን ዋጋ አይቀንሰውም። የሚያስረዳው ግን፥ የሚያስፈራ ዘፈን መስማት አስቀድሞ በሰላም የመተኛት ዕድል ላገኘ ሰው የተሰጠ ተድላ መሆኑን ነው።

ስለ ኢንደስትሪያል ሙዚቃም ይኸው ሚዛን ይሠራል። ስሙ የተገኘው፥ ትሮቢንግ ግሪስል የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1976 እ.ኤ.አ. ካቋቋመው የሸክላ ማሳተሚያ ስም ነው። በ1980 በምዕራብ በርሊን የተነሣው አይንሽቱርትሰንደ ኖይባውተን የተባለው ቡድን ደግሞ ቁርጥራጭ ብረትና የግንብ መብሻ መሣሪያ ሳይቀር ወደ መድረክ አምጥቶ ተጫውቷል። ለእነዚህ ሰዎች የፋብሪካ ድምፅ ሰውን ወደ መኪና የሚለውጥ ኃይል ምልክት ነበር፤ ስለዚህም ወዳጆቻቸው ያን ድምፅ ከሃሎዊን ፍርሃት ጋራ ማዛመዳቸው አይደንቅም።

ድሬዳዋ ግን ከብረት ድምፅ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በተራራው ምክንያት ወደ ሐረር መውጣት ስላልቻለ፥ በ1902 እ.ኤ.አ. ከተራራው ሥር በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ በዚያው ቆመች፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የምድር ባቡሩ ዎርክሾፕ፥ ቀጥሎም የጥጥና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች፥ የከተማዋን ሰው ቀጥረው አበሉት። የባቡር ጣቢያው ሰፈር «ለገሃሬ» መባሉም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የወጣ ሲሆን፥ ባቡሩ እስከ ሕዝቡ አፍ ድረስ መግባቱን ያሳያል። በዚህ ከተማ የመዶሻና የጎማ ጩኸት እንጀራ ማለት ነበር። የሚያስፈራውም ጩኸቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። አሮጌው መሥመር እየደከመ ሄዶ፥ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ፤ በመካከለኛው ከተማ የነበረው የባቡር ድምፅም ቀረ። የድሬዳዋን እውነተኛ የጎቲክ ዜማ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፥ በቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች መካከል የሚሰማውን ዝምታ ማድመጥ ይኖርበታል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው፥ አገሩ ሲለወጥ ዘፈኑ ትርጉሙን እንደሚለውጥ ያሳያል። ይሁን እንጂ ወዳጆቹ ከሚያነጻጽሯቸው ዘፈኖች መካከል፥ ድሬዳዋ ውስጥ ትርጉሙን ሳይለቅ የሚቆም አንድ አለ። እርሱም የሺካጎው ሚኒስትሪ የተባለው ቡድን በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው፥ ርእሱ «በየቀኑ ሃሎዊን ነው» የሚል ትርጉም ያለው ዘፈን ነው። በዚህ ዘፈን ውስጥ ጭራቅ የለም፤ መቃብርም የለም። የዘፈኑ ጉዳይ በአለባበሱ ምክንያት ሰው ሁሉ የሚያፈጥበት ወጣት ነው። ሌላው ሰው በዓመት አንድ ሌሊት የሚለብሰውን እርሱ በየቀኑ ስለሚለብስ ይሰደባል፤ ስለዚህ ለእርሱ ዓመቱ በሙሉ ያው አንድ ሌሊት ነው። ይህ ዘፈን የበዓሉን ስም ቢጠራም በዓሉን አያከብርም፤ ይልቁንም በዓሉ ለአንድ ሌሊት የሚፈቅደውን ነጻነት በቀሪዎቹ 364 ቀናት የሚከለክለውን ሕዝብ ይከሳል።

ከዚህ ዘፈን ጐን ሊቀመጥ የሚችለው የድሬዳዋ ዘፈን ከሃያ ዓመት በፊት የተዘፈነ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የተባለ የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ተነሥቶ በኦሮምኛ መዝፈን ጀመረ። ከአባላቱ አንዱ በ1947 በድሬዳዋ የተወለደው አሊ መሐመድ ሙሳ ነበር። ገና በልጅነቱ የዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ ስለ «ብራ» ነበር፤ ሕዝቡም ከዚያ በኋላ «አሊ ቢራ» ብሎ ጠራው። ብራ በኦሮምኛ ከክረምት በኋላ የሚመጣው፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው የብርሃን ወቅት ነው። በአማርኛም ደመናው የተገፈፈለት ሰማይ «ብራ» ይባላል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ለዚህ አንድ ብርሃን አንድ ቃል አላቸው።

እዚህ ላይ ንጽጽሩ ሙሉ ይሆናል። የሺካጎው ወጣት በየቀኑ ሃሎዊን ነው ሲል፥ የአንድ ሌሊት ጨለማ ዓመቱን በሙሉ እንደ ተከተለው ይናገራል። የድሬዳዋው ልጅ ደግሞ የአንድ ወቅት ብርሃን ስሙ ሆኖ ዕድሜውን በሙሉ ተከተለው። አንዱ የጨለማ፥ አንዱ የብርሃን ቢሆንም፥ ሁለቱም የወቅት ዘፈን ከወቅቱ ሲያልፍ የሰው ማንነት እንደሚሆን ያሳያሉ። የሁለቱ ዝምድና በዚህ ብቻ አያበቃም። የአፍራን ቀሎ ወጣቶች በሕዝብ ፊት በራሳቸው ቋንቋ ስለ ዘፈኑ በመንግሥት ተጠርጥረው ቡድናቸው በ1960ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ፤ ከመካከላቸው የታሰሩም የተሰደዱም ነበሩ። የተዘፈነው ስለ ፍቅርና ስለ ጠራ ሰማይ ቢሆንም፥ ለሚያፈጥባቸው ዓይን ግን የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ታየ። እንግዲህ ፍርሃቱ በዘፈኑ ውስጥ ሳይሆን በሚመለከተው ዓይን ውስጥ ነበር። በርግጥ የሁለቱ ዋጋ እኩል አይደለም፤ ለጥቁር ልብስ መሰደብና ለቋንቋ መታሰር አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱንም ዘፈኖች የወለደው ያው የመታየት ሸክም ነው።

አሊ ቢራ በኋላ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ዘፍኖ፥ በአገር ውስጥና በውጭ አገር ስሙ ገንኖ፥ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ድሬዳዋ ተመልሶ ተቀበረ። ቀኑ ከሃሎዊን በኋላ ስድስተኛው ቀን ነበር፤ ወቅቱም በድሬዳዋ ዓመት ብራ ነበር። ምዕራባውያን ሙታንን በሚያስቡባቸው ሳምንታት፥ ድሬዳዋ ሰውዋን የቀበረችው በስሙ ወቅት፥ በጠራ ሰማይ ሥር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ለሁለት ወገን ነው። የመጀመሪያው ለዘፈኖቹ ወዳጆች ነው፤ ቃሉን ወይም ድምፁን ብቻ የመዘነ ሰው የዘፈኑን ግማሽ እንደ መዘነ ይቈጠራል፤ ዘፈኑ የሚጠራው ጨለማ የሚገባበት ነው ወይስ የሚወጣበት? የሚለው ሳይጠየቅ የወቅት ዘፈን አይታወቅም። በዚህ ሚዛን ሲታይ «ሞንስተር ማሽ» የበዓሉ ሣቅ፥ የባውሃውስ ዘፈን የበዓሉ ጥላ ነው፤ የሚኒስትሪው ዘፈን ግን የበዓሉ ኅሊና ስለሆነ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው ፍርድ ጥቁር ለብሶ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የሚሰማ የአገሩን ወጣት ሲያይ የሰይጣን ነው ብሎ ለሚቸኩል ሰው ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት በዚችው ከተማ ስለ ብራ የዘፈነውን ልጅ ያስፈራ ነው ብሎ ያየው ዓይንም እንዲሁ ቸኩሎ ነበር። ወጣቱም በበኩሉ፥ የሰው አገር ጨለማ ከመዋሱ በፊት፥ የገዛ አገሩ ልጆች በነሐሴ ሌሊት ችቦ ይዘው ደጁን ሲያንኳኩ በሩን ከፍቶ ቢያደምጥ፥ የሚፈልገውን ሌሊት፥ እሳትና ጩኸት ሁሉ እዚያው ያገኘዋል፤ በተጨማሪም ምርቃቱን ያገኛል።